ያውቁ ኖሯል? የዲን ማርቲንና የጄሪ ሉዊስ አሥር ዓመታት

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዲን ማርቲን የትውልድ ስሙ ዲኖ ክሮቼቲ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? በ1917 በኦሃዮ ግዛት የተወለደ የጣሊያናዊ ስደተኛ ፀጉር አስተካካይ ልጅ ነው። እስከ አምስት ዓመቱ ድረስ ከጣሊያንኛ ሌላ ቋንቋ አይናገርም ነበር። ዘፈን ላይ ከመርጋቱ በፊት ቦክስ ተጋጥሟል፣ ቁማር ቤትም ሠርቷል።

የቀልድ አጋሩ ጄሪ ሉዊስ በ9 ዓመት ያንሰዋል። መጀመሪያ ላይ ሰው የሚያስቀው ሸክላ እያስከፈተ፣ ከዘፈኑ ጋር ከንፈሩን ብቻ በማንቀሳቀስ ነበር።

ጥምረታቸው ሊፈርስ የነበረው ገና በመጀመሪያው ምሽት መሆኑንስ? ጁላይ 1946 አትላንቲክ ሲቲ በሚገኘው 500 ክለብ አብረው መድረክ ወጡ፤ ታዳሚው ግን አልሳቀም። የክለቡ ባለቤት ካልተሻሻሉ እንደሚያባርራቸው አስጠነቀቃቸው። በሚቀጥለው ዝግጅት የተጻፈውን ትተው እንደመጣላቸው ተጫወቱ፦ ዲን ይዘፍናል፣ ጄሪ የአስተናጋጅ ልብስ ለብሶ፣ ሳህን እየሰበረ ያቋርጠዋል። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያች ሌሊት በኋላ ወደ ኋላ አላሉም።

ጁን 20 ቀን 1948 የኤድ ሰሊቫን ዝነኛ የቴሌቪዥን ዝግጅት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተላለፍ እነሱ እንግዶች ነበሩ። በ1951 ኒው ዮርክ በፓራማውንት ቲያትር ሲሠሩ ደግሞ አድናቂው መንገዱን ስለዘጋው፣ ከልብስ መቀየሪያ ክፍላቸው መስኮት ሆነው ፎቶግራፋቸውን ይበትኑለት ነበር። በጠቅላላው 16 ፊልም አብረው ሠርተዋል።

ታዲያ ምን ለያያቸው? የሃያሲው ምስጋና በሙሉ ለጄሪ ነበር። በፊልሞቹ የዲን ድርሻ እየሳሳ፣ ዘፍኖ ሴት ወድዶ ዞር ወደማለት ወረደ። በ1954 ሉክ የተባለው መጽሔት የፊልማቸውን ፎቶግራፍ ሲያትም ዲንን ቆርጦ አወጣው። ይህ ታላቅ በደል ነበር። ቀልድ አቀባይ የሌለው ቀልደኛ ጩኸት ብቻ ይቀረዋል፤ ጄሪ እንዲያብድ ቦታ የሚሰጠው የዲን እርጋታ ነበርና። ጄሪ ራሱም ይህንን ቆይቶ በአደባባይ መስክሯል።

የመጨረሻውን ፊልማቸውን ሲቀርጹ ከካሜራ ውጭ አይነጋገሩም ነበር። የስንብት ዝግጅታቸውን ያቀረቡት በጁላይ 1956፣ ኒው ዮርክ ኮፓካባና ክለብ ውስጥ፣ ልክ በተጣመሩ በአሥረኛ ዓመታቸው ነው።

ብዙዎች ያለ ጄሪ ዲን አበቃለት ብለው ነበር፤ ብቻውን የሠራው የመጀመሪያ ፊልምም ከሸፈ። ነገር ግን በ1958 ከማርሎን ብራንዶ፣ በ1959 ከጆን ዌይን ጋር ተውኖ ተደነቀ። በ1964 ደግሞ «ኤቭሪባዲ ላቭስ ሰምባዲ» የተባለው ዘፈኑ ቢትልሶችን ከአሜሪካ ቁጥር አንድ ደረጃ አወረዳቸው! ጄሪም አልሰነፈም። በ1960 «ዘ ቤልቦይ»ን ራሱ ጽፎ፣ አዘጋጅቶ፣ ተወነበት፤ የቀረጸውን ወዲያው ለማየትም ከፊልም ካሜራው ጎን የቪዲዮ ካሜራ ተጠቀመ።

ከሃያ ዓመት መራራቅ በኋላ በሕዝብ ፊት ያስተቃቀፋቸው ዘፋኙ ፍራንክ ሲናትራ እንደሆነስ ያውቁ ኖሯል? በ1976 ጄሪ ጡንቻ ለሚያዳክም በሽታ ተጠቂዎች በቀጥታ ስርጭት ገንዘብ ሲያሰባስብ፣ ሲናትራ ሳይነግረው ዲንን ይዞት ብቅ አለ።

እውነተኛው እርቅ ግን በሐዘን መጣ። በ1987 የዲን ልጅ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ጄሪ ለማንም ሳይናገር ቀብሩ ላይ ተገኝቶ ከኋላ ተቀመጠ። ዲን ይህን የሰማው በኋላ ነው፤ ስልክ አነሳና ደወለለት። በ1989 ዲን 72 ዓመት ሲሞላው ጄሪ ላስ ቬጋስ መድረክ ላይ የልደት ኬክ ይዞለት ወጣ።

ዲን በ1995 በገና ዕለት አረፈ። ጄሪ በ2005 ስለ ጓደኛው መጽሐፍ አሳተመ፤ በ2017 በ91 ዓመቱ ሞተ።

የሁለቱ የድሮ የቴሌቪዥን ዝግጅት ቅጂዎች ዛሬም ይገኛሉ። ሲያዩ ጄሪ ሲዘል ዓይንዎ አብሮት አይሂድ፤ ዲንን ይመልከቱት።