አንዲት ፊደል

ዳኛው ለአንድ ሰው ሲፈርድ «ፈርዶለታል» እንላለን። አንድ ቃል ናት። ነገር ግን ፈራጁም፣ የተፈረደለትም፣ የነገሩ ማለቅም በውስጧ አሉ።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህንኑ ለያይተው «ሂ ሃዝ ሩልድ ፎር ሂም» ይላሉ። አምስት ቃል ሆነ። «ሂ» ዳኛው ነው፤ «ሂም» የተፈረደለት ሰው ነው። «ሃዝ ሩልድ» ፍርዱ አልቆ ውጤቱ መኖሩን ያሳያል። «ፎር» እንደኛ «ለ» ነው።

ሲፈረድበትስ? እነሱ «ፎር»ን አውጥተው «አጌንስት» የሚል ሌላ ቃል ያስገባሉ። እኛ «ለ»ን አውጥተን «በ»ን እናስገባለን። ፈርዶለታል፤ ፈርዶበታል። አንዲት ፊደል ረቺውን ተረቺ ታደርጋለች!

ስለዚህ የፍርድ ወረቀት ሲሰጠን ቃሉን እስከ መጨረሻው ፊደል ሳናነብ አንፈርም።