ኮረብታው በገበሬው ልብ፣ ነጥቡ በካርታው ላይ

በትግራይ፣ በየሐ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬዎች በአጠገባቸው የሚገኘው አንድ ኮረብታ እንዲሁ የአፈር ክምር አለመሆኑን ከአባቶቻቸው ሲሰሙ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ለጥናት የመጡ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች የነዋሪዎቹን ጥቆማ ተቀበሉ። ከ2011 ጀምሮ በተካሄደው ቁፋሮም በአክሱም መንግሥት ዘመን የነበረ ከተማና በ4ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ ተገኘ። ቦታው ዛሬ ቤተ ሰማዕቲ በሚል ስም ይታወቃል።

ይሁንና እንዲህ ያለው ዕውቀት በሽማግሌዎች ልብ ብቻ ተይዞ ከቀረ፣ መንገድ ቀያሹም ሆነ የእርከን ሥራ ባለሙያው ሊያውቀው አይችልም። ዶዘር በአንድ ቀን የሚያፈርሰውን ደግሞ መልሶ የሚሠራው የለም። ጂ.አይ.ኤስ. የተባለው የመልክዓ ምድር መረጃ ሥርዓት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩን መረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ወንዙ፣ የአፈሩ ዓይነት፣ ተዳፋቱ፣ የእርሻው ወሰን፣ መንገዱና ጥንታዊው ፍራሽ ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት ላይ ለየብቻ ተሥለው አንዱ በሌላው ላይ የተነባበሩ ያህል ነው። ኮምፒዩተሩ ሁሉንም በአንድነት ሲያሳይ፣ ሊቆፈር የታሰበው ቦይ በጥንት መቃብር ላይ የሚያልፍ መሆን አለመሆኑ ሥራው ሳይጀመር ይለያል። ቦዩን በዕቅድ ላይ ሳለ ጥቂት ዞር ማድረግ ደግሞ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ሙያውን የሚማሩ ወጣቶች በቅድሚያ ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። በ1፡50,000 መጠን የተዘጋጁት የቆዩ የኢትዮጵያ ካርታዎች አዲንዳን በተባለው የልኬት መሠረት የተሠሩ ሲሆኑ፣ የእጅ ጂ.ፒ.ኤስ. መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ቁጥር ግን ደብልዩ.ጂ.ኤስ. 84 በተባለው ሌላ መሠረት ነው። ሁለቱ ሳይለዩ ከተደባለቁ ነጥቡ ከትክክለኛው ቦታ 200 ሜትር ያህል ይርቃል። ይኸውም ፍራሹ በካርታ ተመዝግቦ እያለ ቦዩ በላዩ ላይ ሊቆፈር ይችላል ማለት ነው። ስለሆነም ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የተለካበት መሠረት ሊጻፍ ይገባል።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ድርሻም ቀላል አይደለም። ሽማግሌዎችን አሰባስቦ ሐውልት የቆመበትን፣ የድሮ መቃብርና የቤት ፍራሽ ያለበትን ቦታ መዘርዘር፣ ቀያሹ ሲመጣም ቦታው ድረስ አብሮ ሄዶ ማሳየት ከእነርሱ ይጠበቃል። በቁፋሮ ላይ ቅርስ ሲገኝ ሳይነካካ ጠብቆ ለሚመለከተው ክፍል ወዲያውኑ ማሳወቅም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተደነገገ ግዴታ ነው።

ካርታ ሠሪው ነጥቡን ያስቀምጣል እንጂ የኮረብታውን ታሪክ አያውቅም። የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቆ ማስመዝገብ ለነገ የማይባል ሥራ ነው።