ከሥራ ቦታ የሚነሣ ዶክትሬት

በአይቲ ሙያ ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ዶክትሬት ሲያስብ ቶሎ የሚታየው አንድ መንገድ ነው፤ ሥራ ለቅቆ ፒኤችዲ መግባት። ሥራውን ሳይለቅ፣ እንዲያውም የሥራውን ጥያቄ የምርምሩ መነሻ አድርጎ የሚማርበት መንገድም አለ። ሙያዊ ዶክትሬት ይባላል። በአውስትራሊያ የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት ዲግሪ እ.ኤ.አ. በ1984 በዎሎንጎንግ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሲሆን፣ መስኩም ኪነ ጥበብ ነበር። በእንግሊዝ የምሕንድስናው እ.ኤ.አ. በ1992 ተጀመረ። አይቲም ከጊዜ በኋላ የራሱን አገኘ፤ በኒው ሳውዝ ዌልስ ያለው ቻርልስ ስተርት ዩኒቨርሲቲ ዲግሪውን ዶክተር ኦፍ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ይለዋል።

«ሙያዊ» የሚለውን ሰምተው ከፒኤችዲ ዝቅ ያለ ነው የሚሉ አሉ። በአውስትራሊያ የብቃት ማዕቀፍ ግን ሁለቱም በመጨረሻው፣ በ10ኛው ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። በሙሉ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ዓመት ይፈጃሉ፤ እየሠራ የሚማር ሰው ጊዜው እጥፍ ሊሆንበት ይችላል። በምርምር ዲግሪነት ለመቆጠር ከትምህርቱ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ምርምር መሆን አለበት። ቀሪው ሲሶ በምርምር ዘዴና በሙያ ኮርሶች ይሸፈናል።

ሰዎች የሚቸገሩት ግን በዓመቱ ብዛት ሳይሆን በጥያቄው ይመስለኛል። የሥራ ችግር ሁሉ የምርምር ጥያቄ አይደለም። የአንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ወደ ኮምፒውተር ተዛወረ እንበል። ነርሶቹ ግን አሁንም መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይጽፉና ማታ ወደ ሲስተሙ ይገለብጣሉ። የአይቲ ኃላፊው ኮምፒውተር ጨምሮ፣ ሥልጠና ሰጥቶ ነገሩን ቢያስተካክል ጥሩ ሥራ ሠርቷል፤ ዶክትሬት ግን አይሆንም። ምርምር የሚሆነው ነርሶቹ ወደ ወረቀት የሚመለሱበትን ምክንያት በማስረጃ ሲያገኝ፣ ከዚያ ተነሥቶ ሲስተም ሲቀርጽ፣ ቀርጾም ሲፈትነው፣ በመጨረሻም ሌላ ሆስፒታል ያለ ባለሙያ ሊጠቀምበት የሚችል መርሕ ሲያወጣ ነው። መርሑ ካልወጣ የቀረው የፕሮጀክት ሪፖርት ነው።

ለዚህ የሚመች የምርምር ዘዴ በዘርፉ አለ፤ ዲዛይን ሳይንስ ይሉታል። ሄቭነር፣ ማርች፣ ፓርክና ራም እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጽሑፍ በኢንፎርሜሽን ሲስተምስ መስክ ቦታውን አጸናለት። ሐሳቡ ነገርን በማጥናት ብቻ ሳይሆን በመሥራትም ዕውቀት ይገኛል የሚል ነው፤ የተሠራው ነገር በጥብቅ እስከተመዘነ ድረስ። ዕድሜውን ሲስተም ሲሠራ ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ በር ነው፤ የእጁ ችሎታ ራሱ የምርምር መሣሪያ ይሆንለታል። ከዚያ የቆየው፣ ኩርት ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1946 የጻፈበት የተግባር ምርምር ደግሞ አንድን አሠራር እየለወጡ ለውጡን ማጥናት ነው፤ ለሥራ ቦታም ይስማማል።

በገዛ መሥሪያ ቤት መመራመር ግን የራሱ ፈተና አለው። አለቃ የሆነ ሰው የሚያዝዛቸውን ሠራተኞች «ለጥናቴ ቃለ መጠይቅ ስጡኝ» ሲላቸው እምቢ ለማለት ምን ያህል ነፃነት አላቸው? እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የአውስትራሊያ ብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር ሰነድ ለእንዲህ ዓይነቱ እኩል ያልሆነ ግንኙነት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቶታል። አንዱ መፍትሔ ቃለ መጠይቁን ሌላ ሰው እንዲያደርግ፣ የማን መልስ እንደሆነም አለቃው እንዳያውቅ ማድረግ ነው። እኔ ይህን ከቅጽ መሙላት በላይ አየዋለሁ። ሠራተኛው ፈርቶ የሰጠው መልስ እውነቱን ስለማይነግረን ጥናቱን ራሱን ያበላሸዋል።

የመሥሪያ ቤቱ ምስጢርም አለ። ተመራማሪው በሥራው ምክንያት የሚያየውን ዳታ ሁሉ ለጥናቱ የመጠቀም መብት የለውም፤ የጽሑፍ ፈቃድ ከጅምሩ ቢይዝ ይበጃል። ፈቃዱ ሦስት ዓመት ከተደከመ በኋላ ቢከለከል የሚጎዳው ተማሪው ነው። ምስጢር የበዛበት የመመረቂያ ጽሑፍ ለተወሰነ ጊዜ ለሕዝብ ሳይከፈት ሊቆይ ይችላል፤ ፈታኞቹ ግን ሊያነቡት ይገባል። እነዚያ ፈታኞች በአውስትራሊያ ልማድ ከዩኒቨርሲቲው ውጭ የሚመረጡ ምሁራን ናቸው፤ ለረጅም ጊዜም ፍርዳቸውን ጽሑፉን ብቻ አንብበው ሲሰጡ ኖረዋል።

ወጪው እንደ ተማሪው ይለያያል። ለአውስትራሊያ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ባለው የምርምር ሥልጠና ፕሮግራም መንግሥት የትምህርት ክፍያውን ሊሸፍንላቸው ይችላል። ከውጭ የሚያመለክት ተማሪ የነፃ ትምህርት ዕድል ካላገኘ ከኪሱ ይከፍላል። ከኢትዮጵያ ሆኖ የሚያስብ ሰው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአይቲ ፒኤችዲ እንደሚሰጥ ያስታውስ፤ ጥያቄው የአማርኛን ወይም የሌላ የአገር ቋንቋን ቴክኖሎጂ የሚመለከት ከሆነ በጉዳዩ የሠሩ አማካሪዎችን እዚያ ያገኛል። የውጭውን ከመረጠ ደግሞ ከመመዝገቡ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት እንዴት እንደሚሰጥ ይጠይቅ፤ በተለይ ትምህርቱ በርቀት የሚሰጥ ከሆነ።