የመንገደኛ ተቅማጥ

የመንገደኛ ተቅማጥ ከመኖሪያ አገሩ ወጥቶ የሚጓዝ ሰው በተበከለ ምግብ ወይም ውሃ ምክንያት የሚይዘው የአንጀት ሕመም ነው። ዋናው ምልክት በቀን 3 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ቀጭን ሰገራ መውጣት ሲሆን፣ የሆድ ቁርጠት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና ትኩሳት ሊታከሉበት ይችላሉ። በብዙዎች ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱ ያልፋል። ሕፃናትንና አረጋውያንን ግን የሰውነታቸውን ውሃ አሟጦ ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

መንስኤ

በብዛት የሚያስከትለው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ መርዝ አመንጪ ዝርያ ነው። ሺጌላ፣ ሳልሞኔላ፣ ካምፒሎባክተር፣ ኖሮቫይረስና ጃርዲያም ያመጡታል። እነዚህ ተሕዋስያን ከሰው ወይም ከእንስሳት ዓይነ ምድር ወደ ውሃ፣ ወደ እጅና ወደ ምግብ ይተላለፋሉ። በዓይን አይታዩም፤ የምግቡንም ጣዕም ላይለውጡ ይችላሉ። ስለዚህ የምግብ ቤቱ ማማር ወይም የዋጋው ውድነት ዋስትና አይሆንም። በመንገድ ዳር ከምድጃ ላይ ትኩሱን የሚቀርብ ምግብ፣ በሆቴል ለሰዓታት ተዘርግቶ ከቀዘቀዘ ምግብ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

የትውልድ አገርን መጎብኘት

በአንድ አካባቢ ያደገ ሰው በዚያ ለሚገኙ ተሕዋስያን በተደጋጋሚ ስለሚጋለጥ የተወሰነ የመቋቋም አቅም ያዳብራል። ይህ አቅም ግን ከአካባቢው ርቆ ለዓመታት በኖረ ሰው ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣ ሰው «ያደግሁበት ውሃ ነው» ብሎ ሳይጠነቀቅ ቢጠጣ ሊታመም ይችላል። በውጭ አገር የተወለዱ ልጆቹ ደግሞ ከመጀመሪያውም ይህ አቅም የላቸውም። ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተትና ባልፈላ ውሃ የተበጠበጠ ብርዝ ለሕመም ያጋልጣሉ። ትኩስ ወጥ፣ ቡናና ሻይ ግን የዘመድን ግብዣ ሳይመልሱ ለመጠንቀቅ ያስችላሉ።

መከላከያ

ውሃ ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ ለ1 ደቂቃ መቆየቱ ይበቃል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ቦታዎች፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ፣ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል። የታሸገ ውሃ ሲገዛ ክዳኑ ቀድሞ አለመከፈቱ መታየት አለበት። ቅዝቃዜ ተሕዋስያንን ስለማያጠፋ፣ በረዶ የተሠራበት ውሃ ንጹሕ ካልሆነ በረዶውም ንጹሕ አይደለም። ጥሬ ሰላጣ መተው፣ እንደ ሙዝና ብርቱካን ያሉ ፍራፍሬዎችን በራስ እጅ ልጦ መብላት ይመረጣል። ከምግብ በፊትና ከመጸዳጃ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብም ያስፈልጋል።

ሕክምና

ዋናው ሕክምና የወጣውን ውሃና ጨው መተካት ነው። ለዚህ ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው ኦ.አር.ኤስ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ካልተገኘ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም ልክ ማንኪያ ሆነው፣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣሉ። ጨው ማብዛት አደገኛ ነው። የሚጠባ ሕፃን ጡት መጥባቱን ይቀጥላል። እንደ ሎፐራማይድ ያሉ ተቅማጥ አስቋሚ መድኃኒቶች ለትንንሽ ልጆች አይሰጡም፤ ትኩሳት ወይም ደም ያለበት ተቅማጥ ሲኖርም አይወሰዱም። ደም ከታየ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ካለ፣ ሽንት ከቀነሰ ወይም በሽተኛው የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።