እንግዳን ደንበኛ ስለ ማድረግ

ንግድ ከዕቃና ከገንዘብ ሌላ ሦስተኛ ነገር ያስፈልገዋል፤ ይኸውም እምነት ነው። ዕቃ በገንዘብ ይገዛል፤ ገንዘብም በብድር ይገኛል፤ እምነት ግን ነጋዴው ከገዢው ጋር በሚያደርገው ግንኙነት ቀስ በቀስ የሚያፈራው ሀብት ነው።

በኢትዮጵያ ለዚህ የሚረዳ ነባር ልማድ አለ። ባለሱቁ የሰፈሩን ሰው በስሙ ይጠራል፤ ለቅሶ ይደርሳል፤ ደመወዝ እስኪደርስም በዱቤ መዝገብ ጽፎ ይሰጣል። እህል የምትሸጥ ሴትም ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ አንድ እፍኝ ምራቂ ትጨምራለች። ምራቂው በዋጋ ሲተመን ኢምንት ነው፤ ነገር ግን ገዢውን በሚመጣው የገበያ ቀን መልሶ የሚያመጣው ያ እፍኝ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ መልካም ልማድ የሚያገለግለው የታወቀውን ሰው ነው። ያልታወቀው ገዢ ብዙ ጊዜ በአለባበሱና በአነጋገሩ እየተገመተ ዋጋ ይጨመርበታል። ሐዋሳን ለመሰለች ከተማ ይህ ጉድለት ቀላል አይደለም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በሺህ የሚቈጠሩ ወጣት ሠራተኞች፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ ለሥራ መጥተዋል፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በየዓመቱ ይለዋወጣሉ፤ ሐይቁን ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችም አሉ። አንዲት ሠራተኛ ከትንሽ ደመወዟ ጫማ ገዝታ፣ ያንኑ ጫማ ጓደኛዋ ከዚያው ሱቅ በሚያንስ ዋጋ እንደ ገዛች ብትሰማ፣ ባለሱቁ ያተረፈው ጥቂት ብር ነው፤ ያጣው ግን እርስዋንና አብረዋት የሚኖሩትን ባልንጀሮችዋን ሁሉ ነው።

የዚህ መድኀኒቱ ቁርጥ ዋጋ ነው። በፓሪስ አሪስቲድ ቡሲኮ የተባለው ነጋዴ፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1852 የቦን ማርሼ መደብር ሸሪክ ከሆነ በኋላ፣ በየዕቃው ላይ ዋጋ ጽፎ ለጠፈ፤ ያልተስማማውን ዕቃ የመለሰውንም ገዢ ተቀበለ። ሱቁም አድጎ በዓለም ስመ ጥር ሆነ። በኢትዮጵያም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ እንዲያመለክትና ደረሰኝ እንዲሰጥ አዝዞ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ እንደሚችል ደንግጓል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው የብዙ ሱቆች ጽሑፍ ግን ለገዢው፣ ወዳጅነታችን ገንዘብህን እስክትከፍል ነው ብሎ የሚነግረው ይመስላል።

በዛሬው ጊዜ ብዙ ነጋዴዎች ዕቃቸውን በቴሌግራምና በፌስቡክ ያስተዋውቃሉ፤ ዋጋውን ግን «በውስጥ መስመር ጠይቁ» እያሉ ይሰውሩታል። ይህም ጠያቂውን ገና ሳይመጣ ያስጠረጥረዋል። ማስታወቂያ ገዢን እስከ በር ያደርሰዋል፤ ከበር ወዲያ ያለው የሰው ሥራ ነው።

ይህም ሥራ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሻጩ የገዢውን ስም ይጠይቅ፤ የዕቃውን ጉድለት ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት ይናገር፤ ዱቤ ሲሰጥ ሒሳቡን ለባለዕዳውም ጽፎ ይስጥ፤ ዕቃ ሊመልስ የመጣውን ሰው ሊገዛ በመጣበት ጊዜ እንዳየው ባለ ፊት ይቀበለው። በአሞራ ገደል ቆሮሶ የሚሸጥ ሰው ትናንት የተያዘውን ዓሣ ከዛሬው ለይቶ፣ የትናንት መሆኑን ተናግሮ ዋጋውን ቢቀንስ፣ በዚያ ቀን ጥቂት ይጐድልበታል፤ በማግሥቱ ግን «ይህ የዛሬ ነው» ሲል የሚያምነው ገዢ አገኘ ማለት ነው።