ከኋላ ያለው 16 ሜትር

የሬዲዮ ዘጋቢ ፕሮግራም

(ድምፅ፦ የናፍጣ ሞተር ይነሳል። የአየር ፍሬን ተንፍሶ ይለቀቃል። ድምፁ ቀስ እያለ ይወርዳል።)

ተራኪ፦ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያም ይሁን በዳላስ፣ በዴንቨርም ይሁን በሲያትል፣ የእኛ ሰው የሚያዘወትረው ካፌ ጎራ ያለ ሁሉ ስለ ሲዲኤል የሚጫወት ጠረጴዛ አያጣም። ሲዲኤል በአሜሪካ ከባድ የንግድ ተሽከርካሪ ለመንዳት የሚሰጥ መንጃ ፈቃድ ነው። እገሌ አወጣ፣ እገሊት ትምህርት ጀመረች፣ ትራክ ጥሩ ይከፍላል ይባላል። ስለ ክፍያው ብዙ ይወራል፤ ስለ ሥራው ግን እምብዛም ነው። የዛሬው ዝግጅታችን ትኩረቱን በሥራው ላይ ያደርጋል። ተሳቢ ጎትቶ ለመንዳት ሕጉ ምን ይጠይቃል? ሥልጠናውስ ምን ማስተማር አለበት?

ለብዙ ዓመት መኪና የነዳ ሰው ተሳቢ ሲጎትት እጁና እግሩ የለመዱት ነገር ይገለበጥበታል። ልምዱ የሚያግዘውን ያህል ያሳስተዋል። ሥልጠና ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

(ድምፅ፦ አጭር ሙዚቃ።)

ተራኪ፦ ሕጉ ድሮ እንዲህ ጥብቅ አልነበረም። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የቤት መኪና መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው ያንኑ ወረቀት ይዞ ባለተሳቢ ትራክ መንዳት ይችል ነበር። ከተለያዩ ግዛቶች ሁለት ሦስት መንጃ ፈቃድ አውጥቶ፣ አንዱ በቅጣት ሲበላሽበት ሌላውን የሚመዝ ሾፌርም አይጠፋም ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት በጎርጎሮሳውያኑ 1986 ያወጣው ሕግ ይህን በር ዘጋ። አንድ ሾፌር የሚይዘው አንድ መንጃ ፈቃድ ብቻ ሆነ፤ ፈተናውም በሚነዳው ዓይነት ተሽከርካሪ ላይ እንዲሆን ተደረገ። ከኤፕሪል 1 ቀን 1992 ጀምሮ ያለ ሲዲኤል እንዲህ ያለውን ተሽከርካሪ መንዳት ተከለከለ።

ባለተሳቢ ትራክ የሚያስነዳው "ክላስ ኤ" የሚባለው ደረጃ ነው። ጎታቹና ተሳቢው ተደምረው የተፈቀደላቸው ክብደት 26,001 ፓውንድ፣ ማለትም 11,794 ኪሎ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን፣ የተሳቢው ድርሻም ከ10,000 ፓውንድ ሲበልጥ ይህ ደረጃ ግድ ይሆናል። በየአውራ ጎዳናው የምናየው ረጅሙ ተሳቢ 53 ጫማ ነው፤ 16 ሜትር ያህል። በፌዴራል አውራ ጎዳና ላይ ከነጭነቱ እስከ 80,000 ፓውንድ፣ ከ36 ቶን በላይ ይመዝናል።

መንገዱ የሚጀምረው በጤና ምርመራና በጽሑፍ ፈተና ነው። ለክላስ ኤ ከጠቅላላ ዕውቀቱ በተጨማሪ የአየር ፍሬንና የተሳቢ ፈተና አለ። ይህን ያለፈ ሰው የልምምድ ፈቃድ ያገኛል፤ ፈቃዱን ይዞ ቢያንስ 14 ቀን ሳይቆይ ለተግባር ፈተና መቅረብ አይችልም። ከግዛት ግዛት ጭነት ለማመላለስ ደግሞ ዕድሜው 21 መሙላት አለበት።

ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 ወዲህ ሌላ ግዴታ ተጨምሯል። አዲስ ክላስ ኤ የሚያወጣ ሁሉ በፌዴራሉ መንግሥት መዝገብ ላይ ከሰፈረ አሠልጣኝ የንድፈ ሐሳብ፣ የግቢና የመንገድ ሥልጠና መውሰድ አለበት። ከሞጆ ጅቡቲ ተሳቢ ሲጎትት የኖረ ሾፌርም ከዚህ አያመልጥም፤ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃዱ አይቀየርለትም።

ደንቡ ግን አንድ ክፍተት አለው። ተማሪው መሪ ጨብጦ ቢያንስ ይህን ያህል ሰዓት ይንዳ አይልም። አሠልጣኙ "ችሏል" ብሎ ካረጋገጠ በቂ ነው። ስለዚህ በሁለት ትምህርት ቤቶች የተማሩ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ወረቀት ይዘው በችሎታ የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቁ ይችላሉ።

(ድምፅ፦ ትራክ ወደ ኋላ ሲሄድ የሚሰማው ማስጠንቀቂያ፤ ጲፕ፣ ጲፕ፣ ጲፕ።)

ተራኪ፦ አሁን ማሠልጠኛ ግቢ ውስጥ ነን፤ የመጀመሪያው ግልባጭ የሚገኘው እዚህ ነው። ተማሪው የኋላ ማርሽ አስገብቷል። የቤት መኪና ቢሆን ኋላውን ወደ ግራ ለመውሰድ መሪውን ወደ ግራ ያዞራል። እዚህ ግን መሪው ወደ ግራ ሲዞር ተሳቢው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሁለቱ የተያያዙት በአንድ ነጥብ ላይ በመሆኑ የጎታቹ ኋላ ወደ አንዱ ወገን ሲገፋ የተሳቢው ኋላ ወደ ሌላው ይዞራል። ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ በመሄድ ላይ ሳለ ተሳቢው በግራ ስፖኪዮ ወጥቶ ከታየ፣ መድኃኒቱ መሪውን ወደዚያው ወደ ግራ ማዞር ነው፤ በትንሹና በቶሎ። ዘግይቶ ብዙ ያዞረ ሰው ተሳቢውን አጥፎ ከጋቢናው ጋር ያጋጨዋል።

ወደፊት ሲታጠፍም ሌላ ጣጣ አለ። የተሳቢው የኋላ ጎማዎች የፊተኞቹን ፈለግ አይከተሉም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣሉ። መታጠፊያው ጥግ ላይ የቆመ እግረኛና ብስክሌተኛ ለአደጋ የሚጋለጠው በዚህ ነው።

አገር ቤት ወደ ኋላ ሲኬድ "ና! ና! በቃ!" የሚል ረዳት አለ። ጎማ የሚያየው፣ ዳገት ላይ ታኮ የሚያደርገውም እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሾፌሩ በአብዛኛው ብቻውን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የግቢ ትምህርት "ካልታየህ ቁም፤ ውረድና እይ" የሚል ነው። መውረድ ነውር አይደለም። ሳያዩ መሄድ ነው ነውሩ።

(ድምፅ፦ ፍሬን በድንገት ሲያዝ። ጸጥታ።)

ተራኪ፦ ሁለተኛው ግልባጭ ፍሬን ላይ ነው። የግዛቶቹ የሲዲኤል መማሪያ መጽሐፍ እንደሚያስተምረው በሰዓት 55 ማይል፣ ማለትም 88 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ ሾፌር አደጋውን አይቶ እስኪረዳ ድረስ 142 ጫማ ይጓዛል። እግሩ ከነዳጅ መስጫው ተነስቶ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ 61 ጫማ ይጨመራል። ፍሬኑ ይዞ እስኪያቆም ደግሞ ሌላ 216 ጫማ። ድምሩ 419 ጫማ፣ ወደ 128 ሜትር ነው፤ ያውም መንገዱ ደረቅና ፍሬኑ ደህና ከሆነ። የአየር ፍሬን አየሩ በቱቦ ተጉዞ ጎማው ጋ እስኪደርስ ስለሚዘገይ ከዚህም ጥቂት ይጨምራል።

ባዶ ትራክ ቶሎ ይቆማል የሚለው ግምትም ስህተት ነው። የትራክ ፍሬንና ባሌስትራ የተሠሩት ሙሉ ጭነት እንዲችሉ ታስበው ነው። ጭነት ሲጎድል ጎማዎቹ ይነጥራሉ፤ መንገዱን የመያዝ ኃይላቸው ይቀንሳል፤ ፍሬን ሲረገጥ በቀላሉ ይቆለፋሉ። የተቆለፈ ጎማ ይንሸራተታል፤ የተንሸራተተ ተሳቢ ዞሮ ጎታቹን ሊመታ ይችላል። ጭነት አራግፎ ባዶውን በዝናብ የሚመለስ ሾፌር በሄደበት ጊዜ ከነበረው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት።

ሦስተኛው ግልባጭ የአየሩ ሥራ ነው። ትራኩ ሲቆም ጎማውን አንቆ የሚይዘው ጠንካራ ሞላ ነው፤ አየሩ የሚሠራው ሞላውን ገፍቶ ጎማውን መልቀቅ ነው። አየሩ ካለቀ ፍሬኑ ራሱ ይይዛል። የተግባር ፈተናው የመጀመሪያ ክፍል ይህን መመርመርን ይጨምራል። ሞተሩ ጠፍቶ የፍሬን ፔዳል ተረግጦ ሲያዝ ባለተሳቢ ትራክ በአንድ ደቂቃ ከ4 ፒኤስአይ በላይ አየር ማጣት የለበትም፤ ፒኤስአይ የአየር ግፊት መለኪያ ነው። አየሩ ከ55 ከመውረዱ በፊት ማስጠንቀቂያው መጮህ ወይም መብራት አለበት። በ20 እና በ45 መካከል የፍሬኖቹ ማንሻዎች ራሳቸው ተስፈንጥረው መውጣት አለባቸው።

ከዚያ ወደ መጋጠሚያው ነው። ተሳቢው የሚያርፍበት ክብ ብረት ፊፍዝ ዊል ይባላል። በላዩና በተሳቢው ሆድ መካከል ክፍተት መታየት የለበትም፤ የቁልፉ መንጋጋም ኪንግፒኑን፣ ማለትም ከተሳቢው ሆድ የሚወርደውን ዘንግ፣ አንገቱ ላይ ጨምድዶ መያዙ በባትሪ መብራት ይታያል። አየር ወደ ተሳቢው ከሚወስዱት ቱቦዎች ሰማያዊው የዘወትሩን ፍሬን፣ ቀዩ የአደጋውን ያገለግላል። ተሳቢው ተላቅቆ ቀዩ ቱቦ ቢበጠስ የተሳቢው ፍሬን ወዲያው ይይዛል። ይህን ሁሉ ተማሪው በእጁ እየነካ፣ በእንግሊዝኛ እየጠራ ለፈታኙ ያሳያል።

ቋንቋው ብዙ ወገኖቻችንን ያስጨንቃል። የተግባር ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ አስተርጓሚ አይፈቀድም። ሾፌር ምልክት እንዲያነብና ለተቆጣጣሪ እንዲመልስ የሚጠይቀው ደንብ የቆየ ነው፤ ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ ግን በመንገድ ፍተሻ ይህን ያላሟላ ሾፌር እዚያው እንዳይነዳ ይታገዳል። የክፍሎቹን ስም በቃል ሸምድዶ ማለፍ ይቻል ይሆናል፤ መንገድ ላይ ለሚመጣ ጥያቄ ግን ሽምደዳ አያዋጣም።

(ድምፅ፦ የቤት ዕቃ ሲጫን። የልጆች ድምፅ።)

ተራኪ፦ ይህ የትራክ ሾፌሮች ጉዳይ ነው የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። ትንሽ ተሳቢ ተከራይቶ ከግዛት ግዛት ቤት የሚቀይር፣ ካራቫን ጎትቶ ሽርሽር የሚወጣ ቤተሰብስ? በአብዛኞቹ ግዛቶች ለዚህ ተራ መንጃ ፈቃድ ይበቃል፤ ሥልጠና የሚያስገድደው የለም። ተሳቢው ግን ሕጉ ስለተወው ጠባዩን አይለውጥም። ከጭነቱ 60 በመቶው ወደፊት፣ ከመኪናው ወገን መሆን አለበት። መጎተቻው ላይ የሚያርፈው ክብደት ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሁን። ክብደቱ ወደ ኋላ ካጋደለ ተሳቢው ፍጥነት ሲጨምር ግራ ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ያኔ ፍሬን በኃይል መርገጥም ሆነ መሪ ማወናጨፍ ያባብሰዋል። መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ እግርን ከነዳጅ አንስቶ ፍጥነቱ በራሱ እስኪወርድ መጠበቅ ይሻላል። ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ባዶ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ወደ ኋላ መሄድን መለማመድ ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም።

(ድምፅ፦ ሙዚቃ ገብቶ ከሥር ይቀጥላል።)

ተራኪ፦ ሲዲኤል ለማውጣት ያሰባችሁ፣ ለትምህርት ቤት ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ስማችሁ በፌዴራሉ የአሠልጣኞች መዝገብ ላይ አለ? እኔ ራሴ መሪ የምይዘው ስንት ሰዓት ነው፤ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ሌላው ሲነዳ የማየውስ? አንድ ትራክ ለስንት ተማሪ ነው? የምፈተነው በማንዋል ነው በአውቶማቲክ? በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው ፈቃዱ ላይ ገደብ ይጻፍበታል፤ ማንዋል ትራክ መንዳት አይችልም።

"ሳትለፋ በሁለት ቀን እናወጣልሃለን" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ተሰናብታችሁት ሂዱ። ገንዘባችሁን ከመውሰዱ ይልቅ የሚከፋው 36 ቶን አስይዞ ያለ ችሎታ መንገድ ላይ መልቀቁ ነው። ወረቀቱን ግዛቱ ይሰጣል። ችሎታውን ግን ጠይቃችሁ፣ ሰዓቱን ቆጥራችሁ፣ መሪውን ይዛችሁ የምታገኙት እናንተ ናችሁ።

መልካም መንገድ።