ከቀለጡት ሎኮሞቲቮች የተረፈ ሰነድ

ኒውዮርክ ሴንትራል የተባለው የአሜሪካ ምድር ባቡር ኩባንያና እህት መሥመሮቹ ከ1927 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ «ሀድሰን» የሚባሉ 275 የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች አሠርተው ነበር። ከኒውዮርክ ሺካጎ የሚመላለሱትን ዝነኛ የመንገደኛ ባቡሮች ለዓመታት የጎተቱት እነሱ ናቸው። በናፍጣ የሚሠሩ ሎኮሞቲቮች ሲተኳቸው ግን ተቆራርጠው ለብረት ማቅለጫ ሄዱ፤ ከ275ቱ አንድም አልተረፈም። የፔንሲልቬኒያ ምድር ባቡር ቲ-1 የሚባሉ 52 ሎኮሞቲቮችም ዕጣቸው ይኸው ሆነ። እንዲህ የጠፋ ማሽን ምን ይመስል እንደነበር የሚነግሩን ንድፎች፣ ፎቶግራፎችና ሞዴሎች ናቸው። ስለዚህ በውስን ቁጥር የሚሠሩ የሎኮሞቲቭ ሞዴሎችን የባለጸጋ መጫወቻ ብሎ ማለፍ አይገባም። በጥንቃቄ የተሠራ ሞዴል የታሪክ ሰነድ ነው፤ እንደ ማንኛውም ሰነድም ሊመረመርና ሊተች ይገባዋል።

የዚህ ሥራ አንዱ ትልቅ ምዕራፍ የተከፈተው በ1937 ነው። የአሻንጉሊት ባቡር በመሥራት የታወቀው ላየነል ኩባንያ በዚያ ዓመት 5344 ቁጥር ያለውን ሀድሰን ከእውነተኛው 48 ጊዜ አሳንሶ ለገበያ አቀረበ። ዋጋው 75 ዶላር ነበር፤ ለዚያ ዘመን ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ የጃፓን፣ ቀጥሎም የኮሪያ የእጅ ባለሙያዎች ለአሜሪካ አስመጪዎች ከናስ የተሠሩ ሞዴሎችን ያመርቱ ጀመር። አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። የናሱ ዝርግ በአሲድ ተበልቶ ቅርጽ ይይዛል፤ ቧንቧ መክፈቻን፣ ደወልንና ፓምፕን የመሳሰሉት ጥቃቅን ክፍሎች በሰም ከተቀረጹ በኋላ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ በቦታው ናስ ይፈስሳል፤ ከዚያ ሁሉም በእጅ ይበየዳል። ፕላስቲክ ውድ የብረት ቅርጽ ማውጫ ስለሚፈልግ ወጪው የሚመለሰው በብዛት ሲመረት ነው። የናስ ሥራ ግን ጥቂት መቶ፣ አንዳንዴም ጥቂት ደርዘን ብቻ ተሠርቶ ሊያበቃ ይችላል።

የቁጥሩ ማነስ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ጥቂት ሞዴሎችን የሚሠራ ባለሙያ ለሁሉም የሚመች «አማካይ» ሎኮሞቲቭ ለመሥራት አይገደድም፤ አንዱን ቁጥር በአንድ ወቅት ከነበረው መልክ ጋር መምረጥ ይችላል። የዩኒየን ፓሲፊክ ምድር ባቡር «ቢግ ቦይ» የተባለው ሎኮሞቲቭ ጥሩ ማስረጃ ነው። የአሜሪካ ሎኮሞቲቭ ኩባንያ ስኬኔክታዲ፣ ኒውዮርክ በሚገኘው ፋብሪካው 20ውን በ1941፣ 5ቱን በ1944 ሠራ፤ የኋለኞቹ ክብደታቸው ጨመር ያለ ነበር። ከ25ቱ አንዱ የሆነው 4014 የድንጋይ ከሰል እያነደደ ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ በ2019 ታድሶ ወደ ሐዲድ ሲመለስ ግን የሚያነደው ዘይት ነበር። ስለዚህ «የ4014 ሞዴል» የሚባል ነገር ዓመቱ ካልተጠቀሰ ሙሉ ትርጉም አይኖረውም። ከሰል የጫነው ተጎታችና የነዳጅ ታንክ ያለው ተጎታች የሁለት ዘመናት ምስክሮች ናቸውና።

እጥረቱ ዋጋ ለመስቀል ሆን ተብሎ የተፈጠረ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነትነት አለው፤ የምስክር ወረቀትና ተከታታይ ቁጥር መለጠፍ ብቻውን የተራ ሞዴልን ትክክለኛነት አይጨምርም። ሆኖም ይህ የሚነቅፈው የሽያጩን ዘዴ እንጂ የእጅ ሥራውን አይደለም።

የሚከብደው ተቃውሞ የልኬት ነው። አሜሪካ ውስጥ 48 ጊዜ ያነሱት ሞዴሎች የሚሄዱበት የተለመደው ሐዲድ ስፋቱ 31.75 ሚሊ ሜትር ነው። በ48 ሲባዛ 1,524 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የእውነተኛው ሐዲድ ስፋት ግን 1,435 ነው። ቢግ ቦይም ቢሆን በእውነተኛው የኋላ አንቀሳቃሽ ጎማዎቹ ከቦይለሩ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ በኩርባ ላይ ወደ ጎን የሚዞሩት የፊተኞቹ ብቻ ናቸው። ብዙ ሞዴሎች ግን በቤት ውስጥ ያለውን ጠባብ ኩርባ እንዲያልፉ ሲባል የፊቱም የኋላውም ጎማዎች ይዞራሉ። እነዚህ ስሕተቶች የታወቁና የሚለኩ ናቸው። ካርታ ክቡን ምድር በዝርግ ወረቀት ላይ ሲያሰፍር ማዛባቱ አይቀርም፤ አንባቢው የማዛባቱን ዓይነት ካወቀ ግን ያገለግለዋል። ለሞዴልም ፍርዱ ይኸው ነው።

ሞዴል የእሳቱን ግለት፣ የእንፋሎቱን ድምፅና ከነተጎታቹ ከ500 ቶን በላይ የሆነውን የቢግ ቦይ ክብደት ሊያሳይ አይችልም የሚሉም ትክክል ናቸው። እውነተኛውን ማየት የሚችል ሰው ሄዶ ይየው። ነገር ግን ከ25ቱ ቢግ ቦዮች የተረፉት 8 ናቸው፤ ከሀድሰኖቹ ደግሞ ማንም የሚያየው የለም። በ87 ጊዜ ያነሰ ቢግ ቦይ ከነተጎታቹ 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ቧንቧዎቹ ከየት ተነሥተው የት እንደሚገቡ በሁሉም አቅጣጫ ያሳያል፤ ፎቶግራፍ ይህን አይችልም። ስለዚህ ገዢም ሆነ ሙዚየም ስንት ቅጂ እንደተሠራ ከመጠየቁ በፊት የትኛው ቁጥር፣ በየትኛው ዓመት፣ ከየትኛው ንድፍ ተወሰደ ብሎ ይጠይቅ። ሠሪው ለእነዚህ መልስ ካለው ሥራው እንደ ሰነድ ሊጠበቅ ይገባዋል፤ ከሌለው ግን፣ ከዓለም አንድ ብቻ ቢሆንም፣ ጌጥ ነው።